ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ሊትር ቤንዚን

ወንድሜ ጌታነህ መኪና ሊገዛ ባሰበ ጊዜ የሠራው የመጀመሪያ ስህተት እኔን ማማከሩ ነው። እኔ ካልጠየቁኝ የማልናገር፣ ከጠየቁኝ ግን ወረቀትና እርሳስ የማወጣ ሰው ነኝ። እንጅባራ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ ማለቴ ነው፤ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስለማሳልፈው ተማሪዎቼ በደንብ የሚያውቁት ጀርባዬን ነው። ገበያ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ዝም ብለው ያልፉኛል፤ ካለፍኳቸው በኋላ ነው ዞር ብለው “እንዴ፣ ቲቸር ናት” የሚሉት።

ጌታነህ የተመኛት መኪና ባለ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሲሲ ነበረች። ሲሲውን ሲጠራ ድምፁ ራሱ ይወፍር ነበር። እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። ሞተር ሲተልቅ ቆሞ እንኳ እንደሚበላ፣ የማንጠቀምበትን ጉልበት ይዞ መዞር ነዳጅ ከማቃጠል በቀር ፋይዳ እንደሌለው፣ ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤቱ ያለው መንገድ ደግሞ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ እንደማይሞላ በሥዕልና በቀስት አስረዳሁት። ጌታነህ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። በሳምንቱ አንድ ሺህ ሲሲ ያላት ነጭ መኪና ይዞ መጣ። ነፋስ በርትቶ ሲነፍስ ከግቢው እንዳትወጣ የምሰጋላት ዓይነት ነበረች።

ምክሬ ግን በዚህ አላበቃም። አነዳዱንም ማረም ጀመርኩ። “ነዳጅ መስጫውን የተኛ ሕፃን እንደምትነካ አድርገህ ንካው” እለዋለሁ። “ባስደነገጥካት ቁጥር ቤንዚኑ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው።” ጌታነህ መንዳት በጣም ይወድ ነበር። እኔን አሳፍሮ መንዳት ግን ቀስ በቀስ ተወ።

እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ይህን የምናገረው ለመመካት ሳይሆን ኋላ ለተፈጠረው ነገር ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔ እንዲታወቅ ነው። የተማርኩበት የማሠልጠኛ ሜዳ አጭር ነበር። አንደኛ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ ሁለተኛ ታስገባላችሁ፣ ሜዳው ያልቃል፣ ትዞራላችሁ። ሦስተኛ ማርሽ መኖሩን አውቃለሁ፤ የጽሑፍ ፈተናው ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና የያዝኩት ግቢያችን ውስጥ ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ለማዛወር ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጌታነህ የዳንግላ ልጅ ወደደ። ማስተዋል ትባላለች። እኔን እንኳ ማናገር የምትችል ልጅ ናት፤ ይህን የቻለ ሰው ብዙ አይደለም። አባቷ አቶ ፈንታሁን የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው እየተባለ ይወራል። በኅዳር መጨረሻ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ተነሥተው ስለነበር “የሚመጣ ሽማግሌ ካለ ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት ይምጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ገና ማግስት አልገኝም” ብለው ላኩብን። ከገና በኋላ ተጠይቆ የጥር ሠርግ አይደርስም። ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጾሙ እስኪፈታ ደግሞ ማስተዋል ለሥራ ወደ ጅማ ተዛውራ ትሄዳለች። ጌታነህ ይህን ሁሉ ቀን ከሌት በጣቱ እየቆጠረ “ይህ ቅዳሜ ካመለጠኝ አለቀልኝ” ይል ነበር። ምግብ ማስቀረት ጀምሮ ነበር፤ እሱን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ምልክት አይደለም።

የተመረጡት ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። አባ ይርጋ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው፤ በመንፈስም በአካልም ሰፊ ሰው። ጋሽ አለኸኝ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆኑ ንግግሩ የእሳቸው ድርሻ ነው። ጋሽ ደምለው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መሪ መያዝ ካቆሙ ቆይተዋል። ጆሯቸው ግን ምንም አልሆነም።

ሊወስዳቸው የተነገረው ሚኒባስ ከሐሙስ ጀምሮ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ደውሎ “ከፊቴ ሃያ መኪና ብቻ ነው የቀረው” አለ። ሐሙስ ዕለትም ያለው ሃያ ነበር። በሰፈሩ ቤንዚን ያላት መኪና የእኛዋ ብቻ ሆነች፤ ያላትም ሦስት ሊትር ገደማ ነው። ጌታነህ እንዳይነዳ፣ አግቢው የራሱን ሽማግሌ ራሱ ጭኖ የልጅቷ አባት ደጅ ሲደርስ ታይቶ አይታወቅም። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመን መኪናዋን ስናይ ጌታነህ ወደ እኔ ዞረ።

“ሦስት ሊትር ዳንግላ ያደርሳል?” አለኝ።

ጠየቀኝ እንግዲህ። ወረቀት አወጣሁ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለች ናት። ሞተሩ ትንሽ ነው። እግር ቀላል ከሆነ ሁለት ሊትር ይበቃል፣ አንዱ ይተርፋል።

“እግሩ ቀላል የሆነ ሹፌር ማን አለ?” አለ ጌታነህ።

ወረቀቱ ላይ ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ጋሽ ደምለው ከእኔ ጎን፣ አባ ይርጋና ጋሽ አለኸኝ ከኋላ፣ ከሦስት ጋቢ፣ ከሁለት ከዘራና ከአንድ ጥቁር ጃንጥላ ጋር ሲገቡ መኪናዋ ወደ መሬት ዝቅ ብላ ቁጢጥ አለች። ስሌቴ ላይ “ሦስት ሰው” ብዬ ነበር የጻፍኩት። አባ ይርጋን እንደ አንድ ሰው መቁጠሬ ልክ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

አባ ይርጋ ጸሎት አደረሱና መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። “የምንሄደው ሁለት ቤት ልናስማማ ነው” አሉ። “እኛው በመንገድ ላይ ስንነቃቀፍ ከደረስን ልመናችን አያምርም። ከዚህ ደጅ ወጥተን እዚያ ደጅ እስክንገባ አንዳችን አንዳችንን ላንነቅፍ፣ ላንቆጣ፣ ላናርም ቃል እንግባ።”

“ቃል ገብተናል” አሉ ጋሽ አለኸኝ።

“ቃል ገብተናል” አሉ ጋሽ ደምለውም። ምን ውስጥ እንደገቡ ገና አላወቁም።

አንደኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ እዚያው ረጋሁ። ነዳጅ መስጫውን እንደተኛ ሕፃን ነካሁት። ከከተማው ስንወጣ ፍጥነታችን ሃያ አምስት ነበር። በእኔ ስሌት ዝግታ ማለት ቁጠባ ነው፤ ስለዚህ በዝግታዬ ኮራሁ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ጩኸቱን የጉብዝና ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ትንሽ ብትሆንም ትታገላለች አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ደምለው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ፣ ይህች መኪና ስንት ማርሽ አላት?”

“አምስት አላት፣ ጋሼ።”

“አምስቱም ደኅና ናቸው?”

“ሁሉም ደኅና ናቸው።”

“ተመስገን” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ስለ ማርሾቹ ጤና መጠየቃቸው ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ጎን መቀመጤን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት።

ከኋላ ጋሽ አለኸኝ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። “የተከበሩ አቶ ፈንታሁን፣ እኛ ከሩቅ የመጣን...” ይሉና ያቆማሉ። “አባ፣ ከሩቅ ልበል ወይስ ከእንጅባራ? እንጅባራ ሩቅ ነው ቢባል አያስቅብንም?”

“በዚህ አካሄዳችን ከሩቅ ቢሉ ውሸት አይሆንብዎትም” አሉ አባ ይርጋ። ወዲያው የተናገሩት ነቀፋ እንደሚመስል ታወቃቸውና “ስለ መንገዱ ርዝመት ነው የተናገርኩት” ብለው አማተቡ።

ጋሽ ደምለው ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ቀኝ እግራቸው የሌለ ነገር ይረግጣል። ግራ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ማርሹ ይሄድና ሊደርስ ሲል ይመልሱታል። በመጨረሻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ተቀመጡበት።

“ተሳቢ ስነዳ” አሉ ድንገት፣ “አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ሦስተኛ ማርሽ ነፍሱ ነበር።”

“ነፍሱን ይማረው” አልኩ።

“አልሞተም” አሉ ጋሽ ደምለው።

እኔም ሰው በሕይወት እያለ ነፍስ ይማር በማለቴ ስላፈርኩ ለሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እሳቸው አላየሁም።

ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ግራና ቀኝ ከበበን። አንድ ጎልማሳ ፈረሰኛ ከኋላችን መጥቶ በጋሽ ደምለው መስኮት በኩል ደረሰብን። ይተዋወቃሉ። ፈረሱን ሳያስቸኩል ከጎናችን እያስኬደ በአዊኛ ወሬ ጀመሩ። የዘመድ ጤና ተጠየቀ። የድንቹ ምርት ተወራ። የአንድ ሰው ተዝካር እንዴት እንደተደገሰ በዝርዝር ተነገረ። አዊኛ የምሰማው በከፊል ቢሆንም ወሬው ሲገባደድ ፈረሰኛው እኔን እያየ አንድ ነገር መጠየቁን፣ ጋሽ ደምለውም አንገታቸውን ደፍተው መመለሳቸውን ልብ አልኩ።

“ምን አለ፣ ጋሼ?”

“መኪናዋ ታማለች ወይ ነው የሚለው።”

“ምን አሉት?”

“ቃል ገብቻለሁ አልኩት።”

ፈረሰኛው ወሬ አለቀበት መሰለኝ፣ ተሰናበተንና ጥሎን ሄደ።

አዲስ ቅዳም የደረስነው ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቅዳሜ አዲስ ቅዳምን በመኪና ማቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ የስሌት ወረቀቴ ላይ አልነበረም። ገበያው አስፋልቱን ይዞታል። ከሰል የጫኑ አህዮች፣ በግ የሚጎትቱ ሰዎች፣ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ ባጃጆች፣ ሁሉም ከፊቴ ነው። እዚህ ላይ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ግን ክላክስ ማድረግ አልችልም። ክላክስ ለእኔ ገበያ መሐል ቆሞ እንደ መጮህ ነው። ስለዚህ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ አህያ ሲያልፍ አንድ እርምጃ እሄዳለሁ፣ ሌላ አህያ ሲመጣ እቆማለሁ። መኪናዋን ሳላስደነግጥ ላስነሣት እያልኩ ነዳጁን በስስት ስለምሰጣት በየመነሻው ትጠፋብኛለች፤ እንደገና አስነሣለሁ፣ እንደገና ትጠፋለች። ለካ መኪናን ከመሮጥ ይልቅ ነዳጅ የሚያስበላት ይህ መነሣትና መቆሙ ኖሯል።

ይባስ ብሎ አንዲት ሴት አባ ይርጋን በመስኮት አዩዋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና “አባ፣ ይባርኩኝ” አሉ። አባ ይርጋ መስቀላቸውን በመስኮት አወጡ። ሴትዮዋ ተሳለሙ። ከኋላቸው ሌላ መጣ። ከዚያ የከሰል ነጋዴዎቹ አህዮቻቸውን አቁመው መጡ። በአንድ አፍታ የመኪናችን የግራ ጎን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆነ። አባ ይርጋ የሁሉንም ስም፣ የልጆቻቸውን ስም፣ የታመመ ዘመዳቸውን ስም እየጠየቁ ይባርካሉ። ሞተሩ ይጮሃል። ላጥፋው ብል እንደገና አልነሣ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

“ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው” አሉ ጋሽ አለኸኝ፣ ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው።

“ሰዓት ማንበብ ነቀፋ አይደለም” አሉ አባ ይርጋ፣ መስቀሉን እንደያዙ።

ከገበያው የወጣነው አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ቀዩ የነዳጅ መብራት በራ። ስለ መብራቱ ለማንም አልተናገርኩም። ከፊታችን ቁልቁለት አለ፣ ቁልቁለቱ ያግዘናል ብዬ ተጽናናሁ። ነገር ግን መኪናዋ ቁልቁለቱን አግኝታ መሮጥ ስትጀምር ደነገጥኩና ፍሬን ያዝኩ። ቁልቁለቱ በነጻ የሰጠንን ፍጥነት እኔ በፍሬን እየመለስኩ፣ ከታች ዳገቱ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ፍጥነት ከቤንዚኑ ላይ እየጠየቅኩ ሄድኩ። ጋሽ ደምለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ “ሦስት፣ አራት፣ አምስት... ሦስት፣ አራት፣ አምስት...” ነው የሚሉት።

ዳንግላ ልንገባ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ሜዳው ላይ፣ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለና ዝም አለ። መኪናዋ በራሷ ጥቂት ተንሸራታ የመንገዱ ዳር ላይ ቆመች። ጸጥታው ከጩኸቱ የባሰ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ለማስተዋል ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም።

ጋሽ ደምለው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

“አባ፣ ይፍቱኝ። አንዲት ቃል ብቻ።”

“ነቀፋ ናት?” አሉ አባ ይርጋ።

“አይደለችም። ቁጥር ናት።”

አባ ይርጋ አሰቡበት። “ቁጥርማ ምን አላት። ይበሉ።”

ጋሽ ደምለው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ሦስተኛ” አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የማርሾቹ ጤና፣ ያልሞተው ጓደኛ፣ ጋቢው ውስጥ የታሠረው እጅ። ከእንጅባራ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኽኩ ያመጣሁት ሞተር ያንኑ መንገድ በከፍተኛው ማርሽ ከግማሽ ባነሰ ዙር ይጨርሰው ነበር። ትንሽ ሞተር ትንሽ የሚበላው ሥራው ሲመጠንለት ነው። እኔ አባ ይርጋን አሸክሜው፣ በአርባ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ እንዲሰበስብ ሳልፈቅድለት፣ ቀስ ብዬ ስለነካሁት ብቻ የቆጠብኩ መስሎኝ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ቀስት ሥዬ አስተምራለሁ። ከሰሌዳው እስከ እግሬ ድረስ ግን አልወረደም።

አንድ ባለጋሪ ባዶ ጆንያ ጭኖ ወደ ከተማው ሲመለስ ደረሰብንና ፈረሱን አቆመ። ጋሽ ደምለው ሽማግሌዎቹ በጋሪው እንዲሄዱ ሐሳብ አቀረቡ። አባ ይርጋ ጋሪውን አዩት፣ ጋሪው አባ ይርጋን ያየ መሰለኝ። ጋሽ አለኸኝም ከዘራቸውን አነሡ።

“በመኪና ተነሥተው በጆንያ ላይ ተቀምጠው ደረሱ እንባላለን” አሉ። “መኪናዋን ያስራት። እኛ ከመኪናው አንወርድም። በመኪና ከደረስን በመኪና ደረስን ነው፤ ማን ጎተተው የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው።”

ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸውና የሚከራከራቸው አልተገኘም። ባለጋሪው መኪናዋን ከጋሪው ኋላ በገመድ አሠረና መስኮቴ ድረስ መጣ።

“እህቴ፣ ፈረስን የሚያደክመው መነሻው ነው” አለኝ። “መነሻ ላይ ደፈር ብሎ መሳብ አለበት። እየፈራ ከተነሣ ቀኑን ሙሉ ሲነሣ ነው የሚውለው። ከተነሣ በኋላ ግን አንድ ልክ ይዞ መሄድ ዕረፍቱ ነው። አንቺም ፍሬኑን አትንኪ፤ ያስነሣነውን አታስቁሚብን።”

ለጌታነህ በሥዕልና በቀስት የነገርኩትን ሁሉ እንደገና መሣል እንዳለብኝ ገባኝ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ አንድ ጊዜ ጠንክሮ ሳበ፣ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች፣ ከዚያ በኋላ ገመዱ ሳይረግብም ሳይወጠርም ሄድን። ሜዳ ስለነበር ፈረሱ አልከበደውም። እውነቱን ለመናገር እኔ ከነዳሁት ብዙም አልዘገየም።

ዳንግላ ስንገባ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። በፈረስ የሚጎተት ነጭ መኪና፣ ውስጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች፣ መሪውን በሁለት እጇ የጨበጠች አንዲት ልጅ። ፊቴን የማዞርበት ሰሌዳ አልነበረም።

አቶ ፈንታሁን በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው። ሻንጣቸው ከእግራቸው ሥር ተቀምጧል። አምስት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኗል። የሚወስዳቸው መኪና ከነዳጅ ሰልፍ ስላልወጣ ብቻ ነው ያገኘናቸው። ፈረሱን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ እኛን አዩ። ባለጋሪው ገመዱን ፈቶ ለሁሉም እጅ ነሥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ወረዱና ተሰለፉ። ማስተዋል ከመስኮት መጋረጃ ኋላ ግንባሯን ይዛ ስታየን አየኋት።

“ይግቡ እንጂ” አሉ አቶ ፈንታሁን፣ እንደ ወጉ።

“ቃላችንን ሳይሰሙ አንገባም” አሉ ጋሽ አለኸኝ፣ እንደ ወጉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “የተከበሩ አቶ ፈንታሁን፣ እኛ ከሩቅ የመጣን...”

አቶ ፈንታሁን እጃቸውን ከፍ አደረጉ። “አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። ይህች የልጁ መኪና ናት?”

“ናት” አሉ ጋሽ አለኸኝ።

“የተበላሸች መኪና ነው እንዴ ለልጄ ሽማግሌ የላከባት?”

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። አዎ ቢሉ ጌታነህ የናቀ ይሆናል። አይደለም ካሉ ጥፋቱን በእኔ ላይ መናገር ነው፤ ያ ደግሞ ነቀፋ ነው፣ የገቡት ቃል ደግሞ እስከ ደጁ ነው፣ እኛም ገና ከደጁ አልገባንም። ጋሽ ደምለው ጫማቸውን ያያሉ። ወንድሜ በዚህ ሰዓት እንጅባራ ላይ ጣቱን እየቆጠረ እንደሚንጎራደድ አውቃለሁ። የመኪናውን በር ከፍቼ ወረድኩ።

“መኪናዋ ደኅና ናት” አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። “ወንድሜ ደኅና መኪና ነው የላከው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ማርሽ ማስገባት ፈርቼ ከእንጅባራ እስከዚህ በሁለተኛ ማርሽ ነው የነዳሁት። ቤንዚን እቆጥባለሁ ብዬ ጨረስኩት።”

ሰው ፊት ቆሜ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ፈንታሁን ወደ ጋሽ ደምለው ዞሩ። “እርስዎን አውቅዎታለሁ። ተሳቢ ይነዱ አልነበረም? እህሌን ጭነውልኝ ያውቃሉ።”

“ነበር።”

“ስንት ዓመት ነዱ?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት።”

“ከእንጅባራ እስከዚህ ያ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ሲጮህ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር?”

“ነበርኩ።”

“ምን አሏት?”

“ምንም አላልኳትም። ለልጅዎ ስንመጣ በመንገድ ላንነቃቀፍ ቃል ገብተን ነበር።”

“አልከበደዎትም?”

ጋሽ ደምለው ተቀምጠውበት የመጡትን ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አሳዩዋቸው። ጣቶቻቸው ደም አልተመለሰላቸውም ነበር።

አቶ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ወጉ ዘመድ ላማክር፣ ተመልሳችሁ ኑ ማለት ነው” አሉ። “በዚህች መኪና ተመልሳችሁ ኑ ብል ግፍ ይሆንብኛል። ሁለተኛው ነገር፣ ሰው ልኬ ላስጠይቅ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ልጄ የምትገባበት ቤት ሰው ሲያጠፋ እንዴት ነው የሚይዙት ብዬ። ከእንግዲህ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሰጥቻለሁ።”

ጋሽ አለኸኝ ንግግራቸውን ገና ስላልጨረሱ ቅር አላቸው፤ “ከሩቅ የመጣን” ከሚለው አላለፉም ነበር። አባ ይርጋ ግን ፈጥነው መስቀላቸውን አወጡና መረቁ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ጥላ እየሮጠ ወደ ውስጥ ጠፋ።

“አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ” አሉ አቶ ፈንታሁን፣ ወደ እኔ እያዩ። “የሠርጉ ዕለት ልጄን ከዚህ ደጅ ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ሁኚ። እንዲሁ እንደዛሬው ንጂ።”

“እንደዛሬው?”

“እንደዛሬው። እኔ እዚሁ እቆማለሁ። ቶሎ ከዓይኔ እንዳትጠፋ።”

አደራውን መቀበል ነበረብኝ። ግን ተጠይቄያለሁ፤ ከተጠየቅኩ ደግሞ እውነቱን መናገር አለብኝ።

“በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ ቤንዚን በጣም ይፈጃል” አልኳቸው።

“ይፍጅ” አሉ።